አፏን ሞልታ የምትጣራው ድመት

ለምወድሽ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ በደጃፍሽ ገብቶ እስከ ጓዳሽ ድረስ ይድረስልኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ «ቀጭ» ይላል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ ሐኪሙን ዛሬም «ነገ እመጣለሁ» እያልሽ ታታልዪዋለሽ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ልጆቹን መጥራት ጀምሬያለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ መነጽር የሚባል ነገር ተሠርቷል እኮ እትዬ! የሳሎኑ መስኮት አሁንም ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል? ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? ደህና ሁኑልኝ።

እኔም እንደ ደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። ናፍቆቱም አለ፣ ግራ አውራ ጣቴ ላይ መጋዝ የጫረው ቁስልም አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን ደስታ አለ። ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። ግን አንቺው ራስሽ «በስልክ ስታወራ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለህ፣ ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ» ብለሽኛል። ይኸው ቁጭ ብያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አውቅሻለሁ፤ ደብዳቤ ሲደርስሽ ክፉ ነገር እንዳለ ለማየት መጀመሪያ የምታገላብጪው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም። ስለዚህ እባክሽ ለዛሬ እንኳ እንደ ሰው ከላይ ጀምሪ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «በዚህ ሥራስ ረጋህ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ሆዴ ገብቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ መቀያየሬን፣ አንዱን በችኮላዬ አንዱን በምላሴ ማጣቴን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሄ ግን ሌላ ነበር። ሦስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ። ቋሚ ከሆንኩ ፈቃድ አገኛለሁ፣ ፈቃድ ካገኘሁ ደግሞ ለልጅሽ ሠርግ እመጣለሁ። አባቷ በሕይወት ስለሌለ እጇን ይዞ ከቤት የሚያወጣት አጎቷ ነው ብለሽ ከወሰንሽ ወዲህ፣ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ አረማመድ ስለማመድ ነው የከረምኩት። አትሳቂ! ሦስት ወሩ የሚሞላው ትናንት፣ አርብ ነበር። ሠርጉ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ይህን ያዢልኝና አሁን ስለ ድመቷ ልንገርሽ።

የምንሠራበት ሕንፃ አሮጌ ነው። ምድር ቤቱ ወረቀትና እስክሪብቶ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ላይኛውን ፎቅ አንዲት የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ልታደርገው እኛን አስገብታናለች። የእኔ ሥራ ክፍል የሚለዩትን ግድግዳዎች ማቆም ነው። የብረት ማቆሚያ እንተክላለን፣ በአንዱ በኩል የጂፕሰም ሰሌዳ በብሎን እናስራለን፣ መሀሉን ከአሮጌ ጨርቅ በተሠራ ጥጥ እንሞላለን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ካለፈ በኋላ በሌላኛውም በኩል እንዘጋዋለን። ጥጡ ለምን መሰለሽ? መሰርሰሪያው ሲያፏጭ ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሰምቶ እንዳይሸሽ ነው! እውነቴን ነው። ሐኪሟ «ወዲህ ሰው ቢጮህ ወዲያ እንዳይሰማ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» ብላ ነው ያዘዘችን።

አሁን የራሳችንን ጉድ ልንገርሽ። ጥጡ ሲቆረጥ ቁርጥራጭ ይተርፋል። ደንቡ በጆንያ አድርጎ ደረጃውን ወርዶ ውጭ ያለው ገንዳ ውስጥ መጣል ነው። ደረጃው ሠላሳ ሁለት እርከን አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ እኛ ማንም ሳያዘን፣ ማንም ሳይከለክለን፣ ቁርጥራጩን ሁሉ እግድግዳው ሥር እንወሽቀዋለን። ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል? በተራ መጠበቂያውና በሐኪሟ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ሽቦው ዘግይቶ አምስት ሳምንት ሙሉ በአንድ በኩል ክፍት ሆኖ ከረመ። ፊት ለፊቱ ሰሌዳዎች አስደግፈንበታል። ከሰሌዳዎቹ ጀርባ፣ ከሥር፣ ያ ሁሉ ለስላሳ ጥጥ ተከምሯል። ሙቀት፣ ጨለማ፣ ከሰው ዓይን ስውር። ለማን የሚሆን ቤት ሠርተን እንደተውን አንቺ አሁኑኑ ገብቶሻል። እኛ ግን ብዙ ቀን ፈጀብን።

ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ላስተዋውቅሽ። ፎርማናችንን ጋሼ ሜትር እንላቸዋለን። ሜትራቸው ከወገባቸው አይለይም፤ ክርክር በተነሳ ቁጥር መዘዝ ያደርጉትና «ሜትር አያዳላም» ይላሉ። ውሃ ቀጠነ ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው፣ ግን ሰውን በሰው ፊት አያዋርዱም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሽቦ እንለዋለን፤ ቀጭንም ስለሆነ፣ የማይገባበት ነገርም ስለሌለ። ቀለም የምትቀባው ልጅ ቡሩሽ ናት፤ ስትቀባ ትዘፍናለች፣ ጆሯችንን የሚክስልን ፈጣሪ ብቻ ነው። በር ላይ ደግሞ ጥበቃው አባባ አሉ። ድመቷን «እሜቴ» ብለው የሰየሟት እሳቸው ናቸው፤ ስትገባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ያሳልፏታል።

እሜቴ ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። ሰው አትለማመጥም። ሆዷ ገፍቶ አይተናታል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ቀጥና አይተናታል፤ የት ወለደች ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድ ሰው የለም። ድምፅዋንም ሰምተን አናውቅም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ሜትር መጡና «ርክክቡ አርብ ነው፣ ያ ግድግዳ ከምሳ በፊት ይዘጋ» አሉኝ። ሙከራዬ ሊያልቅ ሁለት ቀን የቀረኝ ሰው! ክንፍ አወጣሁ። ሰሌዳውን አነሳሁ፣ ገጠምኩ፣ ብሎኑን በድሪል አንደቀደቅኩት። ወደ ታች አላየሁም። እውነት እልሻለሁ፣ አንዴ ጎንበስ ብዬ ባይ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ስትይኝ ያደግኩ ሰውዬ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሼ ሰዓቴን አይቼ ራሴን አደነቅኩ። ከምሳ በኋላ መገጣጠሚያውን ቶሎ በሚደርቅ ስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቡሩሽም የመጀመሪያውን እጅ ቀለም ቀባችው።

አሥር ሰዓት ገደማ ከደረጃው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ሁላችንም እጃችንን ሰቅለን ቀረን። የሕፃን አይደለም፣ የበር አይደለም፤ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ወፈር ያለ፣ የታፈነ «ኧውውው» የሚል። እሜቴ ናት! በአፏ አይጥ ይዛለች፣ አይጧን ሳትለቅ ትጮኻለች። አፏ ሙሉ፣ ድምፅዋም ሙሉ። በመካከላችን ሰንጥቃ አልፋ አዲሱ ግድግዳ ሥር ሄደችና አይጧን አስቀመጠች። ጠበቀች። እንደገና አነሳቻት፣ ጮኸች፣ አስቀመጠች። እኛ ምን አደረግን መሰለሽ? ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ አይጥ አጣች መሰለኝ፣ ቡሩሽ አጥባ የሰቀለችውን የሮለር ፀጉራም ልባስ ሰርቃ መጣች። መሀሉን ነክሳዋለች፣ ሁለቱ ጫፎች ግራና ቀኝ እንደ ጢም ወጥተዋል፤ ያንኑ «ኧውውው» እያለች ተንጎማልላ ወደዚያው ግድግዳ። ቡሩሽ ዛሬስ ረዳት ተቀጠረልኝ አለች።

ያን ጊዜ ሁሉም ሊቅ ሆነ። ሽቦ ጉራ ነው፣ አደንኩ እያለችን ነው አለ። ቡሩሽ ርቧት ነው ብላ ወተት አቀረበችላት፤ እሜቴ ሁለት ሦስቴ ላስ ላስ አድርጋ ተመልሳ ሮለሯን አነሳች። አባባ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ጨዋታ አምሯት ነው» አሉ። የምድር ቤቱ ወረቀት ሻጭ ሳይቀር ወጥቶ፣ ድመት በቀን እንዲህ የምትጮህበት ቤት ደግ አይደለም ብሎን ወረደ፤ ቡሩሽ ከጀርባው ምላሷን አወጣችበት። ጋሼ ሜትር ግን አልሳቁም። ነገ ሐኪሟ ስትመጣ የምታለቅስ ድመት እንዳትቀበላት፣ በካርቶን ተደርጋ ዛሬውኑ ከተማ ዳር ትወሰድ ብለው አባባን አዘዙና የበር እጀታ ሊያመጡ ወጡ።

ከምሳ በኋላ አባባ ካርቶኑን ይዘው መጡ፣ እያዘኑ። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እያኘክሁ አያታለሁ። ዝም ብዬ ሳያት አንዳንድ ነገር አልጥም አለኝ። ርቧት ቢሆን አይጧን ትበላት ነበር፤ የተራበ ሰው ዳቦ ይዞ አይዞርም። ጉራም ቢሆን ጉራ የሚነፋው ሰው ፊት ነው፤ እሷ ግን እኛን ዘወር ብላም አላየችን። ጨዋታ ቢሆን ትወረውረው፣ ትይዘው ነበር። እሷ የምትጮኸው ዕቃውን አፏ ውስጥ አድርጋ ወደዚያ ግድግዳ ስትሄድ ብቻ ነው። ታስቀምጠዋለች፣ ዝም ትላለች፣ የተቀደደውን ጆሮዋን ታዞራለች። መልስ የምትጠብቅ ትመስላለች።

እትዬ፣ ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ድመት አደረከኝ ብለሽ እንዳትቆጪኝ! እናታችን ካረፈች በኋላ፣ አንቺ ልብስ ስፌት ቤት ትሠሪ በነበረ ጊዜ፣ ልጅሽ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ማታ ማታ ስትመጪ አስታወስሽ? በሁለቱም እጅሽ ዘንቢል፣ የበሩ ቁልፍ በጥርስሽ። ገና የውጭው በር ሳትደርሺ ትጣሪ ነበር። ቁልፉን ነክሰሽ «ኑ!» ስትዪ ምኑም አይለይም፤ ድምፁ ብቻ ነው ተንጎራጉሮ የሚመጣው። እኛ ግን እናውቀው ነበር። እኔ ልጅሽን በብብቷ አንጠልጥዬ እሮጣለሁ፤ ያ ድምፅ ራት መጣ፣ እትዬ መጣች ማለት ነው። አፍ ሞልቶ የሚጣራ ሰው የሚጠራው ልጆቹን ነው እኮ!

ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ግድግዳውን አየሁት። ማን ዘጋው? እኔ። ከሥሩ ምን አለ? ጥጥ። ሆዷ መቼ ቀጠነ? ወር አልፎታል።

ዘልዬ ተነሳሁና «ልጆቿ ውስጥ ናቸው! ልጆቿን ዘግቼባታለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሽቦ ሮጦ መብራቱን አጠፋ፣ ማሽኑ ሁሉ ጸጥ አለ። አራታችንም ጆሯችንን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ምንም። አንዲት ኮሽታ የለም። ሽቦ እያመነታ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ይሆናሉ አለኝ። እኔ ግን ይበልጥ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ግድግዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ድምፅ እንዳያሳልፍ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ በሦስት ወር ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ እንደሱ የተዋጣ የለም! እሜቴ ከውጭ ትጣራለች አይሰሙም፣ እነሱ ከውስጥ ይጮኻሉ አትሰማም። በገዛ እጄ ሥራ ኮርቼ በገዛ እጄ ሥራ የተቃጠልኩት ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ ሜትር ጋ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ልጆቹን ሰምተሃል ወይ ሲሉኝ አልሰማሁም አልኩ፤ አይተሃል ወይ ሲሉኝ አላየሁም አልኩ። «በል እንግዲህ፣ ለድመት ጩኸት ብለህ የተቀባ ግድግዳ ብትነካ ነገ እንዳትመጣ» ብለው ዘጉት። እውነቱን ለመፍረድ እሳቸውም አልተሳሳቱም፤ ማስረጃዬ ሮለር የነከሰች ድመት ብቻ ናት።

እትዬ፣ ምን ልበልሽ፤ ያቺ ደቂቃ ረዘመችብኝ። ሠርጉን አሰብኩ። ልጅሽ ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ እኔን ስትፈልግ ታየችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም፣ ግድግዳውም አይናገርም። እሜቴ ደግሞ ሮለሯን አንስታ መጣችና እግሬ ሥር አልፋ ያንኑ ጮኸች። አንጀቴን በላችው። መጋዙን አነሳሁ።

ቡሩሽ ሁለተኛውን እጅ ጨርሳ ነበርና ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ከጉልበት ከፍታ ላይ ጀመርኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ አውራ ጣቴን የጫርኩትም ያን ጊዜ ነው። ስንዝር ያህል እንደቆረጥኩ ጋሼ ሜትር እጀታዎቹን ታቅፈው ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። ለካ ስልኩን ዘግተው ወዲያው ተነስተው ኖሯል። እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው «አንተ!» ሲሉ፣ ከቀዳዳው አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ክር የምታህል። ሁላችንም ሰማናት። እጀታዎቹን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ተንበረከኩ፣ ሜትራቸውን መዝዘው ለኩ፤ «ወደታች አትውረድ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ትመጣለህ። ወደ ግራ አርባ ሳንቲም፣ ከዚያ አጥፈህ ስበረው» አሉኝ። እኔ የምቆርጠው እሳቸው በያዙልኝ መስመር ነው፣ ስቱኮው በሽበታቸው ላይ እየበነነ።

ደግሞ ስሚማ! ቀዳዳው ገና ሳይሰፋ እሜቴ ልትገባ ተወረወረች። ሮለሩን ግን አልለቅም አለች። ሮለሩ አግድም ነው፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ጭንቅላቷ ይገባል ሮለሩ ይቀራል። ወደኋላ ትልና እንደገና ትወረወራለች፣ «ኧውውው»! ቡሩሽ እያለቀሰች ትስቃለች፣ «ጣይው በይ፣ ጣይው እሜቴ፣ ስጦታውን በኋላ ታመጪዋለሽ» ትላታለች። በመጨረሻ ሽቦ አንዱን ጫፍ ይዞ ቀጥ ሲያደርግላት ሮለሩን ይዛ ሹልክ አለች።

አራት ናቸው እትዬ። አራት! ከጥጡ ሥር ተቃቅፈው፣ አቧራ ለብሰው። ሦስቱ ወዲያው ጡቷን ያዙ። አራተኛዋ፣ ትንሿ፣ ዝም ብላ ተኝታ ነበር፤ አባባ ካፖርታቸው ውስጥ አድርገው በትንፋሻቸው ሲያሞቋት ቆይተው፣ ቀና ብለው «አለች!» አሉን። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፍርም። ካርቶኑም ሥራ አገኘ፤ አምስቱም ሰፈሩበትና አባባ ክፍል ገቡ።

የሽቦ ጎረቤት የእንስሳት ሐኪም ናት። አመሻሹ ላይ መጥታ አየቻቸው፣ ይተርፋሉ አለችን። እኔም አላስቀምጥ ያለኝን ጠየቅኳት። እናት ድመት ልጆቿ ሥጋ መቅመስ በሚጀምሩበት ጊዜ ያደነችውን ይዛ ስትመጣ እንዲህ ትጣራለች፣ ኑ ብሉ፣ ኑ ተማሩ ማለቷ ነው ብለን እናስባለን አለች። እኔ ደረቴን ስነፋ ግን ቀጠለች፤ ወልደው የማያውቁም፣ ወንዶችም፣ አሻንጉሊት ወይም ካልሲ ነክሰው ቤት ውስጥ እየዞሩ ይጮኻሉ፤ አንዱ ሰው እንዲያጫውተው ይሆናል፣ አንዱ አየኝ ማለቱ ይሆናል፣ አንዱም የጥንቱ ጠባይ ቀስቅሶት ይሆናል፣ ጠይቀን መልስ የሰጠችን ድመት የለችም አለችና ሳቀች። ደስ አለኝ። ሁሉን አውቃለሁ የማይል ሐኪም አንቺም ብታገኚ ጉልበትሽን ታሳዪው ነበር።

አርብ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ተገኘን። ማንም አልጠራንም። እኔ አዲስ ሰሌዳ ቆርጬ ገጠምኩ፣ ሽቦ ማድረቂያውን ደቀነበት፣ ቡሩሽ ሦስተኛ እጅ እየቀባች አንድ ዘፈን እንኳ አልዘፈነችም። ከመዝጋቴ በፊት ግን ቁርጥራጩን ሁሉ በጆንያ አውጥቼ፣ በባትሪ ከላይ እስከ ታች አይቼ፣ ሠላሳ ሁለቱን እርከን ወርጄ ጣልኩት። አራት ሰዓት ላይ ሐኪሟ መጣች። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ ረዳቷን ወዲያ አስቁማ አስጮኸቻት፣ ወዲህ ምንም አልተሰማም። እሰይ ብላ ፈረመች።

ከዚያ ጋሼ ሜትር ወደ ደረጃው ጠሩኝ። ለብቻዬ። «ግድግዳው አለፈ፣ አንተ አላለፍክም» አሉኝ። አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን አነሱ። «ስለከፈትከው አይደለም። እኔም ብሆን እከፍተው ነበር፣ ዛሬ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሳታይ ስለዘጋኸው ነው። ነገ ደግሞ የውሃ ቧንቧ ይሆናል፣ የኤሌክትሪክ ይሆናል። ሦስት ወርህ ከዛሬ እንደ አዲስ ይጀምራል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ጥጥ ስትወሽቁ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ የእኔንም ድርሻ ለአለቆቼ ጽፌያለሁ አሉኝ። እጄን ጨበጡኝና ሄዱ።

ስለዚህ እትዬ፣ መልሱ ይኸው። አዎ ረግቻለሁ፤ አልተባረርኩም፣ አልጮህኩም፣ በሩንም አላጋጨሁም። ግን ፈቃድ የለም። ለሠርጉ አልመጣም። እየጻፍኩት እንኳ ሆዴ ይባባል። ጋሼ ሜትርን ልለምናቸው ነበር፣ አልለመንኳቸውም፤ የፈረዱት ልክ ስለሆነ። ደግሞ መዋሸት አልችልም፣ ያን ካርቶን ባየሁት ቁጥር ደስታዬ ይመለስብኛል። ትንሿ ዛሬ ጠዋት ዓይኗን አፍጥጣ ጣቴን ነከሰችኝ! እናቷ ሮለሩን አልተወችም፤ ልጆቿ ፊቷ እያሉ ያዝ አድርጋ ትጮኻለች፣ አባባም ከወንበራቸው ሳይነሱ «አየንልሽ እሜቴ» ይሏታል።

በይ ሰላም በይልኝ። ለትንሹ ልጅሽ፣ ትምህርቱን እንዲያጠና፣ ድመት እንዳይለምንሽም ንገሪው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ለጎረቤታችን ለእማማ፣ ጥርሳቸውን የሚያዩላቸው ሐኪም አግኝቻለሁ፣ ሲጮሁም ማንም እንደማይሰማቸው ዋስ ነኝ በያቸው። ለሙሽራው፣ ገና ሳላየው ወድጄዋለሁ፤ ካስከፋት ግን ግድግዳ እንደማልፈራ ይወቅ። ለአንቺ ለራስሽ ጉልበትሽን ሳሚልኝ።

ለሙሽራዋ የምልከው ከሰላምታ ከባድ ነው። አጎትሽ ግድግዳ ሲያፈርስ ቀረብሽ በያት፤ ትስቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፤ አባብያት። ከቤት ይዟት የሚወጣ ወንድ ከየት ላምጣ ብለሽ ደግሞ ዘመድ ቤት እንዳትዞሪ። ይህን ሁሉ ቀን ሳስበው ነው የገባኝ፤ እኔንስ ያሳደገኝ ማን ነው? እሷንስ? ሁለታችንም በአንቺ እጅ አይደለም ወይ ለዚህ የበቃነው? ምን አስበን እንደሆነ እንጃ፣ ቦታው ከመጀመሪያውም የእኔ አልነበረም። አንቺው እጇን ይዘሽ አውጫት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጥበቃው አባባ ክፍል፣ ከካርቶኑ አጠገብ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን